ከካሜራው በፊት መብራቱ፦ ለሠርግና ለስቱዲዮ ሥራ ዕቃ ስለ መምረጥ

ጥላና ወገግታ (አዲስ አበባ)

ወደ ሙያው የሚገቡ ወጣቶች ዘወትር የሚጠይቁኝ «የትኛውን ካሜራ ልግዛ?» ብለው ነው፤ ስለ መብራትና ስለ ትራይፖድ የሚጠይቀኝ ግን እምብዛም የለም። ለዓመታት በሠርግና በስቱዲዮ ሥራ፣ አልፎ አልፎም የምርት ፎቶ በማንሣት ስተዳደር የያዝኩት አቋም ከብዙዎች የተለየ ስለሆነ ምክንያቴን ዘርዘር አድርጌ ላቅርብ። በውስን ገንዘብ የሚጀምር ባለሙያ መጀመሪያ መብራት፣ ቀጥሎ ጥሩ ሌንስ፣ ከዚያ መቆሚያ (ትራይፖድ)፣ በመጨረሻ የካሜራውን አካል ይግዛ እላለሁ። የካሜራውን ዓይነት ሲመርጥም ከማስታወቂያው ዝርዝር ይልቅ በዙሪያው ያሉ ባልደረቦች የያዙትን ቢመለከት ይሻለዋል።

የመብራቱ ጉዳይ በእኛ ዘንድ የተለየ ክብደት አለው። ሙሽራዋ ነጭ ቬሎ ወይም ነጭ የሐበሻ ቀሚስ ትለብሳለች፤ ፊቷ ደግሞ ጠይም ወይም ጥቁር ነው። የካሜራው የብርሃን መለኪያ የሚያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ለማምጣት የተሠራ በመሆኑ፣ ምስሉ በነጭ ጨርቅ ሲሞላ ያጨልመዋል፤ ቀሚሱ ግራጫ ይሆናል፣ ፊቱም በጥላ ይዋጣል። ልኩን አንድ ስቶፕ ያህል ከፍ ማድረግ፣ ማለትም ብርሃኑን እጥፍ ማድረግ፣ ፊቱን ያድናል፣ ነገር ግን በጥልፉ ዙሪያ ያለው የሸማው ሽመና ተቃጥሎ ሊጠፋ ይችላል። አዲስና ውድ ካሜራ በሮው ፋይል (ካሜራው ሳያቀናብር በሚያስቀምጠው ጥሬ ምስል) ጥቂት ተጨማሪ ማስተካከያ ይፈቅድ ይሆናል እንጂ ይህን ችግር ከሥሩ አይፈታውም። የሚፈታው ሰፋ ያለ ለስላሳ ብርሃን ከጎን አምጥቶ ፊቱ ላይ በማሳረፍ ነው። ጠቆር ያለ ቆዳ ቅርጹን በብዛት የሚያሳየው በላዩ በሚያርፈው ነጸብራቅ በኩል ስለሆነ፣ 120 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ሶፍትቦክስ (ብርሃንን የሚያለሰልስ የጨርቅ ሣጥን) ጉንጭንና ግንባርን ቀስ እያለ በሚደበዝዝ ብርሃን ይቀርጻቸዋል፤ ካሜራው ላይ የተሰካ ባዶ ፍላሽ ግን ግንባር ላይ አንድ የሚያብለጨልጭ ነጥብ ብቻ ይተዋል።

ሁለተኛው ምክንያት ፀሐያችን ናት። ሠርግ የሚበዛው በጥርና ከፋሲካ በኋላ ነው፤ የመስክ ፕሮግራሙም ብዙ ጊዜ ከቀኑ 6 እስከ 9 ሰዓት ባለው ውስጥ ይወድቃል። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለምትገኝ፣ በሚያዝያ መጀመሪያ የቀትር ፀሐይ ከአናት በላይ ቀጥ ብላ ትቆማለች፤ የዓይን ጉድጓድ ይጨልማል፣ አፍንጫ ከንፈር ላይ ጥላ ይጥላል። ያን ጥላ ለመሙላት የሚያስፈልገውን ኃይል ማስላት ቀላል ነው። በጠራ ፀሐይ፣ በአይኤስኦ (ምስሉን የሚቀበለው ሰንሰር ለብርሃን ያለው ስሜት) 100፣ ሹተሩ (የካሜራው መዝጊያ) 1/200 ሰከንድ ሲሆን የሌንሱ ቀዳዳ ኤፍ 11 አካባቢ ይመጣል፤ የኤፍ ቁጥሩ በጨመረ ቁጥር ቀዳዳው ይጠባል። ብዙዎቹ ካሜራዎች ከፍላሽ ጋር በመደበኛው መንገድ የሚሠሩት እስከ 1/200 ወይም 1/250 ድረስ ነው፤ ከዚያ ለማለፍ የሚያስችለው የከፍተኛ ፍጥነት ስልት ደግሞ የፍላሹን ኃይል በእጅጉ ይበላዋል። ስለዚህ ካሜራ ላይ የሚሰካ ትንሽ ፍላሽ በሶፍትቦክስ ውስጥ ሆኖ የቀትርን ፀሐይ አይቋቋምም። እኔ ለመስክ 600 ዋት ሰከንድ (በአንድ ብልጭታ የሚወጣው ኃይል መለኪያ) ያለው ባለ ባትሪ መብራት፣ ለአዳራሽ ደግሞ 200 ዋት ሰከንድ ያለው እጠቀማለሁ፤ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት አንድ ስቶፕ ተኩል ያህል ነው። ትልቁን ለመግዛት አቅም የማይፈቅድለት ትንሹን ወደ ሰው ያቅርበው፤ መብራቱ ከሁለት ሜትር ወደ አንድ ሜትር ሲጠጋ ፊት ላይ የሚደርሰው ብርሃን አራት እጥፍ ይሆናልና።

መብራት ስትመርጡ የሶፍትቦክሱን መግጠሚያ አስቀድማችሁ ተመልከቱ። እኔ ቦወንስ የሚባለውን መግጠሚያ እመርጣለሁ። የእንግሊዙ ቦወንስ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2017 ፈርሷል፤ መግጠሚያው ግን የብዙ አምራቾች የጋራ መለኪያ ሆኖ ስለቀረ ዕቃው በየቦታው ይገኛል፣ ሲሰበርም ይተካል። አንድ አምራች ብቻ የሚሠራው መግጠሚያ ምንም ያህል ቢያምር፣ እንደ እኛ መለዋወጫ በዘመድ ሻንጣ በሚመጣበት ገበያ ውስጥ ባለቤቱን ያስቸግራል።

ወደ ካሜራው ስመጣ፣ ለሠርግ ሥራ የማልደራደርበት አንድ ነገር ሁለት የሜሞሪ ካርድ ማስገቢያ መኖሩ ነው። ሠርግ አይደገምም። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጡት የመጀመሪያዎቹ ኒኮን ዜድ 6 እና ካነን ኢኦኤስ አር በምስል ጥራት የሚታሙ ባይሆኑም፣ ባለ አንድ ካርድ በመሆናቸው ለዚህ ሥራ አልመርጣቸውም። ከዚህ ውጭ 20 ሜጋ ፒክስልም ሆነ 30 ቢሆን ለአልበምና ለግድግዳ ፎቶ ይበቃል። የባልደረቦችን ምርጫ ተመልከቱ ያልኩበት ምክንያት ደግሞ ተግባራዊ ነው፤ እሑድ ጠዋት ባትሪ ሲያልቅ፣ ሌንስ ሲወድቅ ወይም ትሪገር (ፍላሹን ከርቀት የሚያስተኩሰው ዕቃ) አልሠራ ሲል ዕቃ የሚያበድራችሁ ጎረቤት ስቱዲዮ እንጂ አምራቹ አይደለም። ሁሉም ካነን በያዘበት ሠፈር ብቻውን ሌላ የያዘ ሰው የሚበደርበት የለውም።

ጀማሪው (አዳማ)

ጋሼ፣ ስለ ዝርዝር ማብራሪያዎ ከልብ አመሰግናለሁ። ሁለት ጥያቄዎች አሉኝ። አሁን በእጄ ባለው ገንዘብ ሁለት ያገለገሉ አማራጮች ቀርበውልኛል፤ አንደኛው ካነን 5ዲ ማርክ 3 ከ24-70 ሚሊ ሜትር ኤፍ 2.8 ሌንስ ጋር፣ ሁለተኛው ሶኒ ኤ7 ማርክ 3 አብሮት ከሚሸጠው ከተራው 28-70 ሌንስ ጋር። ጓደኞቼ ሁሉ እንደ ካነኑ ያለ ባለ መስታወት ካሜራ ጊዜው አልፎበታል ይሉኛል። ሁለተኛው ጥያቄዬ ስለ ደንበኛ ነው። በእኛ ከተማ ሠርገኛው የካሜራውን ግዝፈት አይቶ ዋጋ ስለሚቆርጥ፣ ትንሽ ካሜራ ይዞ መቅረብ ያስንቃል፤ መብራትን ማስቀደም ከዚህ ጋር እንዴት ይታረቃል?

ጥላና ወገግታ (አዲስ አበባ)

ወንድሜ፣ ከካሜራው ስም በፊት ሌንሱን ተመልከት። ኤ7 ማርክ 3 እ.ኤ.አ. የ2018 ካሜራ ነው፤ ዓይንን ለይቶ የሚከተል ትኩረቱ እ.ኤ.አ. በ2012 ከወጣው 5ዲ ማርክ 3 በብዙ ይበልጣል፣ በጨለማም የተሻለ ይሠራል። ሆኖም ያ ተራ ሌንስ 70 ላይ ሲደርስ ቀዳዳው ወደ ኤፍ 5.6 ይጠባል። ይህ ማለት ከኤፍ 2.8 ጋር ሲነጻጸር ወደ ሰንሰሩ የሚገባው ብርሃን ሩብ ብቻ ነው፤ ካሜራው በጨለማ ያለውን ብልጫ ሌንሱ መልሶ ይወስድበታል። ስለዚህ ከሁለቱ አንዱን አሁኑኑ መምረጥ ግዴታ ከሆነ ካነኑን እወስዳለሁ። ሌንሱ ወደፊትም አይጠፋብህም፤ ወደ አዲሶቹ የካነን አር ካሜራዎች ስትሸጋገር በአስማሚ ገብቶ በሙሉ አቅሙ ይሠራል። ለሶኒው ኤፍ 2.8 ሌንስ ወይም ቢያንስ 85 ኤፍ 1.8 መጨመር የምትችል ከሆነ ግን መልሴ ይገለበጣል።

ያገለገለ ካሜራ ስትገዛ የሹተሩን ቆጠራ ጠይቅ። የ5ዲ ማርክ 3 ሹተር 150,000፣ የኤ7 ማርክ 3 ደግሞ 200,000 ጊዜ እንዲያገለግል ታስበው የተሠሩ ናቸው፤ የሠርግ ባለሙያ የተጠቀመበት ካሜራ ይህን ቁጥር ቶሎ ይጠጋዋል። ሌንሱን ኤፍ 16 ላይ አድርገህ ነጭ ግድግዳ አንሣና የሰንሰሩን ነጠብጣብ አጉልተህ ተመልከት። ሁለቱንም የካርድ ማስገቢያዎች በየተራ ሞክር፣ ፍላሽ ሰክተህም አተኩስ፤ ገመዱና ሶኬቱ ሁሉ ይፈተሽ። ሶኒ ከሆነ ሜኑውን ክፈት፤ ለጃፓን ገበያ ብቻ የተሠሩት ከጃፓንኛ ሌላ ቋንቋ የላቸውምና፣ ዋጋቸው ረከስ ብሎ የምታያቸው አንዳንዶቹ ምስጢራቸው ይኸው ነው።

ስለ ደንበኛው የጠቀስከው እውነት ነው፤ ይሁንና ሰው የሚያየው ካሜራውን ብቻ አይደለም። ረዳትህ ትልቅ ሶፍትቦክስ ተሸክሞ ከሙሽሮቹ ጎን ሲቆም የካሜራህን መጠን ማንም አይጠይቅም።

ሻንጣ ተሸካሚው (ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

እኔ በሙያው ብኖርም እዚህ ነው የምሠራው፤ ወደ አገር ቤት በሄድኩ ቁጥር ግን ለባልደረቦች ዕቃ እወስዳለሁ። ከአሜሪካ መብራት ለምታስገዙ ሁሉ አንድ ማሳሰቢያ ላክልበት። እዚህ ግድግዳው የሚሰጠው 120 ቮልት በ60 ኸርዝ ነው፤ ኢትዮጵያ 220 ቮልት በ50 ኸርዝ ነው። የካሜራ ባትሪ ቻርጀሮች በአብዛኛው ከ100 እስከ 240 ቮልት ስለሚቀበሉ የሶኬት ጫፍ መቀየር ብቻ ይበቃቸዋል። በቀጥታ ከግድግዳ የሚሠሩ የስቱዲዮ ፍላሾች ግን ሁሉም እንዲህ አይደሉም። ለምሳሌ የፖል ሲ ባፍ አይንስታይን የተባለው ሞዴል በራሱ ከቮልቴጁ ጋር ይስማማል፣ የዚያው ድርጅት ኤሊየንቢስ መብራቶች ግን ለ120 ቮልት የተሠሩ ናቸው። እነዚህን አዲስ አበባ ላይ እንደ ወረዱ መሰካት ማቃጠል ነው። ቮልት የሚቀንስ ትራንስፎርመር መፍትሔ ይሆናል የሚሉ አሉ፤ ፍላሽ ራሱን በሚሞላበት ቅጽበት የሚስበው ኃይል ከፍተኛ ስለሆነ ግን ትራንስፎርመሩ ትልቅና ከባድ መሆን አለበት፤ እሱን ተሸክሞ ከመዞር ባለ ባትሪውን መግዛት ይሻላል።

ባለ ባትሪው ደግሞ የአውሮፕላን ሕግ አለበት። መለዋወጫ የሊቲየም ባትሪ ወደ ጭነት ሻንጣ አይገባም፣ በእጅ ይያዛል። እስከ 100 ዋት ሰዓት ያለው ያለ ልዩ ፈቃድ ያልፋል፤ ከ100 እስከ 160 ያለው የአየር መንገዱን ፈቃድ ይጠይቃል። ዋት ሰዓቱ ካልተጻፈበት ቮልቱን በአምፔር ሰዓቱ አባዙት፤ 14.4 ቮልትና 2.9 አምፔር ሰዓት ያለው 42 ያህል ይመጣል፣ 11.1 ቮልትና 8.7 አምፔር ሰዓት ያለው ደግሞ 97 ስለሚሆን ከመስመሩ በታች ለጥቂት ያልፋል። ሰው ስታስልኩ ይህን ስሌት ቀድማችሁ ሥሩ፤ ምስኪኑ መንገደኛ ፍተሻ ላይ ቆሞ ሊያስረዳ አይችልም። የካሜራ ዋስትናም ብዙ ጊዜ በተገዛበት አገር ብቻ የሚሠራ መሆኑን አትርሱ።

ሃያ አምስት ፍሬም (አዲስ አበባ)

የጽሑፉን ባለቤት አክብሬ፣ በአንድ ነጥብ ግን አልስማማም። እኔ የቪዲዮ ባለሙያ ነኝ። «መጀመሪያ መብራት» የሚለው ትክክል ነው፤ ያ መብራት ፍላሽ ይሁን መባሉ ግን አብሮ የሚሠራውን ሰው የረሳ ምክር ነው። በአብዛኛዎቹ ካሜራዎች ቪዲዮ ሲቀረጽ ሰንሰሩ ምስሉን ከላይ ወደ ታች መስመር በመስመር ስለሚያነብ፣ ፍላሽ በተኮሰ ቁጥር የፍሬሙ ግማሽ ነጭ ግማሹ ጨለማ ሆኖ ይቀራል። ሙሽሮቹ ቀለበት ሲያደርጉ ሦስት ፎቶ አንሺ ቢተኩስ ያ ትዕይንት ለእኔ አበቃለት ማለት ነው።

በአዳራሽ ውስጥ ሁላችንንም የሚያግባባው ሳይቋረጥ የሚበራ ኤልኢዲ ነው። አንድ ጠንካራ መብራት በትልቅ ሶፍትቦክስ አድርጎ ከሙሽሮቹ መድረክ ጎን ማቆም ለፎቶም ለቪዲዮም ያገለግላል። ሲገዛ ግን ዋቱ ብቻ አይታይ፤ የቀለም ታማኝነቱ መለኪያ፣ ሲአርአይ የሚባለው፣ ከ95 በላይ ይሁን። ርካሹ ኤልኢዲ ቀይ ቀለምን ስለሚያጎድል የእኛን የቆዳ ቀለም ወደ አመድነት ይወስደዋል፤ ያን በኮምፒዩተር ለመመለስ የሚጠፋው ሌሊት ከመብራቱ ዋጋ ይበልጣል። ባትሪ የሚቀበል መሆኑንም አረጋግጡ። አንዳንዶቹ ከግድግዳ ብቻ ስለሚሠሩ፣ መብራት ሄዶ ጄኔሬተሩ እስኪነሣ ድረስ እናንተም ከእንግዳው ጋር ጨለማ ውስጥ ትቀመጣላችሁ።

የአዳራሹን የራሱን መብራቶች በተመለከተ፣ በ50 ኸርዝ የሚሠሩ ብዙ መብራቶች በሰከንድ 100 ጊዜ ስለሚርገበገቡ ሹተሩን 1/50 ወይም 1/100 ላይ ማድረግ ጥቁር መስመሮቹን ያስቀራል። አዳራሹ በጄኔሬተር ሲሠራና የሞተሩ ፍጥነት ሲዋዥቅ ግን ይህም ሊዛነፍ ይችላል። ፎቶ አንሺዎችም በአዳራሽ ውስጥ ድምፅ አልባውን የኤሌክትሮኒክስ ሹተር አጥፉ፤ ፎቷችሁ ላይ የሚታየው የመስመር መዓት ምንጩ በብዛት እሱ ነው።

ጥላና ወገግታ (አዲስ አበባ)

ስለ አዳራሹ ያልከውን እቀበላለሁ፤ የቀለበቱና የኬኩ ሥነ ሥርዓት ላይ እኔም ፍላሹን አሳርፌ በቪዲዮው ብርሃን እሠራለሁ። መስክ ላይ ግን ሒሳቡ አይገጥምም። 200 ዋት የሆነ ኤልኢዲ በ1/200 ሰከንድ ውስጥ የሚጠቀመው ኃይል 1 ዋት ሰከንድ ብቻ ነው፤ ያ ትንሹ ፍላሽ በዚያው ቅጽበት 200 ያወጣል። ኤልኢዲ ኃይሉን ወደ ብርሃን በመለወጥ የተሻለ ነው ብንል እንኳ ይህን ያህል ርቀት አይሸፍነውም። የቀትር ፀሐይ ላይ ኤልኢዲ ይዞ መውጣት በጠራራ ፀሐይ ጧፍ እንደ ማብራት ነው። ጀማሪው አንድ ብቻ መግዛት የሚችል ከሆነ ባለ ባትሪ ፍላሽ ይግዛ፤ ኤልኢዲውን ለአንድ ምሽት መከራየት ይቻላል።

የዓባይ ዳር (ባሕር ዳር)

ውይይቱ መብራት ላይ ስላተኮረ ስለ መቆሚያ እኔ ልጻፍ። የምሠራው በአብዛኛው ለጉብኝት ድርጅቶች የተፈጥሮ ፎቶ በማንሣት ሲሆን፣ ያለ ትራይፖድ ሥራዬ አይታሰብም። ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘውን ጢስ ዓባይን ውኃው እንደ ሐር እንዲፈስ አድርጎ ለማንሣት ሹተሩ ለግማሽ ሰከንድና ከዚያ በላይ መከፈት አለበት። ክረምቱ ሲወጣ፣ ፏፏቴው ሞልቶ ሳለ ደግሞ ካፊያውና ነፋሱ መቆሚያውን ያንቀጠቅጡታል።

በዚህ ሁኔታ ትራይፖድን ስመርጥ የመጀመሪያ መለኪያዬ ማዕከላዊውን ዘንግ ሳላወጣ ካሜራው ወደ ዓይኔ መድረሱ ነው። ዘንጉ ወደ ላይ በወጣ ቁጥር ባለ ሦስት እግሩ ዕቃ ባለ አንድ እግር ይሆናል። እንደዚሁ እግሩ ከአምስት ይልቅ በሦስት ክፍል የሚዘረጋውን እመርጣለሁ፤ ብዙ መገጣጠሚያ ያለው ሲታጠፍ ትንሽ ሆኖ ለሻንጣ ይመች ይሆናል እንጂ የመጨረሻዎቹ እግሮቹ ቀጫጭኖች ናቸው። ስለ ቁሱ፣ ጊትዞ የተባለው አምራች እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የካርቦን ትራይፖድ ካወጣ ወዲህ ሁሉም ያደንቀዋል፤ ቀላል ነው፣ ንዝረትንም ቶሎ ያበርዳል። ዋጋው ከአሉሚኒየሙ ጋር ያለው ልዩነት ግን ሰፊ ነው። እንደ ማንፍሮቶ 055 ያለ ሁለት ኪሎ ተኩል የሚመዝን አሉሚኒየም በመኪና ለሚንቀሳቀስ ባለሙያ ፍጹም በቂ ነው። ተራራ በእግሩ የሚወጣ ብቻ ለካርቦን ይክፈል። በጠመዝማዛ ከሚዘጋው እግር ይልቅ በምላስ የሚዘጋውን እመርጣለሁ፤ ጭቃና አሸዋ ጠመዝማዛው ውስጥ ሲገባ ማፍታታት ግድ ይላል፣ ምላሱን ግን በጨርቅ ጠርጎ መቀጠል ይቻላል።

ካሜራውን መቆሚያው ላይ ካስቀመጣችሁ በኋላ አንዳንድ ሌንሶች ላይ ያለውን የእጅ መንቀጥቀጥ ማረጋጊያ አጥፉ፣ ሹተሩንም በሁለት ሰከንድ ቆጣሪ ወይም በሪሞት ልቀቁ።

ማኅሌት ሌሊት (ላሊበላ)

በላሊበላ 11ዱ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ውስጥ ለመሥራት ለምትመጡ ባልደረቦች፣ እስካሁን የተባለው ሁሉ በከፊል አያገለግላችሁም። በቅዳሴና በማኅሌት ጊዜ ፍላሽ የማይታሰብ ነው፤ ትራይፖድም በሕዝብ መካከል እግር ስለሚያሰናክል አስቀድሞ ከካህናቱ ጋር ተነጋግሮ ካልተፈቀደ በቀር አይዘረጋም። እዚህ የሚያስፈልገው ኤፍ 1.4 ወይም ኤፍ 1.8 የሆነ 35 ወይም 50 ሌንስ፣ በአይኤስኦ 6400 የማይፈራ ካሜራና ባለ አንድ እግር መቆሚያ ነው። «ካሜራው መጨረሻ ይገዛ» የሚለው ምክር እዚህ አይሠራም፤ ብርሃን ማምጣት በማይቻልበት ቦታ ሁሉንም ሸክም የሚሸከመው ሰንሰሩና በካሜራው አካል ውስጥ ያለው ማረጋጊያ ነው። የኤሌክትሮኒክስ ሹተርንም በአዳራሽ አጥፉ የተባለው ልክ ቢሆንም፣ በጧፍ ብርሃን መርገብገብ ስለሌለ በማኅሌት ሌሊት ድምፅ አልባ አድርጎ መሥራት ለጸሎተኛውም አክብሮት ነው። ኤልኢዲ በተተከለባቸው ክፍሎች ግን አስቀድማችሁ አንድ ፎቶ አንሥታችሁ አጉልታችሁ እዩ።

ጀማሪው (አዳማ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ካነኑን ከነሌንሱ ለመግዛት ወስኛለሁ፤ ቀሪውን ገንዘብ ለባለ 200 ዋት ሰከንድ ፍላሽና ለትራይፖድ አደርገዋለሁ። አንድ የቀረኝ ጥያቄ አለ፦ የቀረበልኝ ያገለገለ ማንፍሮቶ የራሱ ፕሌት (ካሜራውን ከመቆሚያው ጋር የሚያያይዝ ጠፍጣፋ ቁራጭ) ያለው ነው፣ ጓደኞቼ የያዙት ግን አርካ ስዊስ የሚባለውን ነው። ልዩነቱ ያስቸግረኝ ይሆን?

የዓባይ ዳር (ባሕር ዳር)

ያስቸግርሃል፤ አንዱ ፕሌት በሌላው ላይ አይቀመጥም። እግሩን ግዛው፣ ካሜራው የሚቀመጥበትን የላይኛውን ክፍል (ሄዱን) ግን ተወው ወይም ዋጋ አስቀንስበት፤ ከዚያ አርካ ስዊስ የሚቀበል ቦል ሄድ (በኳስ ላይ የሚዞር ሄድ) ለብቻው ትገዛለህ። ከመክፈልህ በፊት እግሩ ላይ ያለው ብሎን ባለ 3/8 ኢንች መሆኑን አረጋግጥ፤ አብዛኞቹ ቦል ሄዶች የሚገጥሙት በእሱ ነው። የብርሃን መቆሚያውንም ስትገዛ ቀጭኑን አትውሰድ፣ የአሸዋ ከረጢትም አብረህ አዘጋጅ። እንጦጦ ላይ በነፋስ የወደቀ ሶፍትቦክስ ከነፍላሹ ነው የሚሰበረው።